ስብስብ፣ ዓይነትና ተቀጥላ፦ ጀነሪክ ዓይነቶችና ኤክስቴንሽን ሜተዶች በኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ



የዛሬው ርእሳችን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። የማንኛውም ፕሮግራም አብዛኛው ሥራ ብዙ ነገሮችን በአንድነት መያዝ ነው፤ ተማሪዎችን፣ ውጤቶችን፣ ክፍያዎችን፣ መጻሕፍትን። እነዚህን የምንይዝበትን ዕቃ ስብስብ እንበለው። ስለ ስብስብ ሁለት ጥያቄዎች አነሣለሁ። አንደኛው፦ በስብስብ ውስጥ ያስገባነው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቀው ማን ነው? ሁለተኛው፦ ስብስቡን የጻፈው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ እኛ አዲስ ችሎታ ልንጨምርለት ብንፈልግ ያን ችሎታ የት እናስቀምጠዋለን? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ጀነሪክ ዓይነት ነው። የሁለተኛው ኤክስቴንሽን ሜተድ ነው፤ በአማርኛ ተቀጥላ ሜተድ እለዋለሁ።

ለማስረጃ የምጠቀመው በዋናነት ሲ ሻርፕን ነው፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ተጋግዘው የሚሠሩበት ሁኔታ በዚህ ቋንቋ ጎልቶ ስለሚታይ። አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ከጃቫ ጋር አነጻጽራለሁ። በመጨረሻም በራሳችን ፊደል ላይ የሚያጋጥመንን አንድ ችግር ወስጄ ሁለቱ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚፈቱት፣ የማይፈቱትም ምን እንደሆነ አሳያለሁ። ኮዱን በቃል ስለማነብላችሁ በሐሳባችሁ ተከተሉኝ።

ይዘቱን የማያውቅ ስብስብ

ሲ ሻርፕ በ2002 ለሕዝብ ሲቀርብ ጀነሪክ ዓይነት አልነበረውም። የተለመደው ስብስብ አሬይ ሊስት የሚባለው ክላስ ነበር። ይህ ክላስ የሚያስገቡለትን ሁሉ ኦብጀክት በሚለው የሁሉ አባት በሆነ ዓይነት ይይዛል። አፉ እንደተሰፋ ጆንያ ማለት ነው፤ ጤፍም ይሁን ገብስ ከውጭ አይለይም። ማስገባት ቀላል ነው። ችግሩ ሲያወጡ ነው፤ ፕሮግራመሩ «ይህ የወጣው ነገር ኢንቲጀር ነው» ብሎ በራሱ ኃላፊነት ካስት ማድረግ አለበት።

አንድ የውጤት ዝርዝር አለ እንበል። ከመቶ የተሰጡ ቁጥሮች ይገቡበታል። ከእለታት አንድ ቀን አንድ ሰው በሌላ ፋይል ውስጥ፣ በቁጥር ፈንታ «ሰማንያ አምስት» የሚል ጽሑፍ አስገባበት። ኮምፓይለሩ ምንም አይልም፤ ጽሑፍም ኦብጀክት ነውና። ፕሮግራሙ ይጫናል፤ ይሠራልም። ስሕተቱ የሚፈነዳው በሴሚስተሩ መጨረሻ አማካይ ውጤት ሲሰላ ነው። የፈነዳበት መስመርም ጥፋቱ የተሠራበት መስመር አይደለም። ያስገባው ኮድ ሌላ ቦታ ነው፤ የሚወድቀው ግን ያወጣው ኮድ ነው። ስሕተት የሚያደክመው በመኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ ምክንያቱና ምልክቱ ተራርቀው በመገኘታቸው ጭምር ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የማኅደረ ትውስታ ነው። በሲ ሻርፕ ኢንቲጀር 4 ባይት ይይዛል። ወደ አሬይ ሊስት ሲገባ ግን ራሱን በቻለ ኦብጀክት ውስጥ ይታሸጋል፤ ይህ ቦክሲንግ ይባላል። በ64 ቢት ማሽን ላይ የታሸገው ኢንቲጀር 24 ባይት ይይዛል፤ ወደ እርሱ የሚያመለክተው አድራሻ ደግሞ ሌላ 8 ባይት ይወስዳል። አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ 4 ሚሊዮን ባይት ይበቃቸው ነበር፤ ታሽገው ሲቀመጡ 32 ሚሊዮን ይሆናሉ። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ቆሻሻ ሰብሳቢው ከዚያ በኋላ የሚለቅማቸው አንድ ሚሊዮን ትናንሽ ኦብጀክቶችም በዚህ ላይ ይጨመራሉ።

በዚያ ዘመን ከዚህ ለመዳን የነበረው መንገድ ለእያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ስብስብ በእጅ መጻፍ ነበር፤ የኢንቲጀር ዝርዝር፣ የተማሪ ዝርዝር፣ የመጽሐፍ ዝርዝር። ኮዱ አንድ ነው፤ የሚለየው የዓይነቱ ስም ብቻ። አንዱ ውስጥ የተገኘ ስሕተት ሲታረም ሌሎቹን ማረም ይረሳል።

ዓይነትን በፓራሜትርነት መቀበል

መፍትሔው ከምንለምደው ነገር የራቀ አይደለም። አንድ ሜተድ ዋጋዎችን በፓራሜትር ይቀበላል፤ የሁለት ቁጥሮችን ድምር የሚሠራ ሜተድ ለእያንዳንዱ ቁጥር እንደገና አይጻፍም። እንግዲያውስ ክላስም ዓይነትን በፓራሜትር ቢቀበልስ?

ሐሳቡ ከሲ ሻርፕም ከጃቫም ይቀድማል። ክሪስቶፈር ስትሬቺ በ1967 በሰጡት የትምህርት ማስታወሻ፣ ለሁሉም ዓይነት በአንድ መልክ የሚሠራውን ፓራሜትሪክ ፖሊሞርፊዝም እንደየዓይነቱ መልኩን ከሚለዋውጠው ለይተው ስም ሰጥተውታል። በ1970ዎቹ የሮቢን ሚልነር ኤም ኤል የተባለው ቋንቋ፣ እንዲሁም ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቻቸው በኤም አይ ቲ የሠሩት ክሉ የተባለው ቋንቋ፣ ሐሳቡን በተግባር አሳይተዋል። ወደ ጃቫ የገባው በ2004 በአምስተኛው ዕትም ነው፤ ወደ ሲ ሻርፕ ደግሞ በ2005 በሁለተኛው ዕትም።

በሲ ሻርፕ «ሊስት ኦፍ ቲ» ስንል፣ ቲ ገና ያልተሞላ ባዶ ቦታ ነው። «ሊስት ኦፍ ኢንቲጀር» ስንል ባዶው ቦታ ተሞላ። ከዚያ ወዲያ ኮምፓይለሩ «አስገባ» የሚለው ሜተድ ኢንቲጀር ብቻ እንደሚቀበል፣ «አውጣ» የሚለውም ኢንቲጀር ብቻ እንደሚመልስ ያውቃል። «ሰማንያ አምስት» የሚለውን ጽሑፍ ለማስገባት የሞከረው ሰው ፕሮግራሙን ገና ሳያስነሣ፣ በዚያው በሚጽፍበት መስመር ላይ ይከለከላል። ስሕተቱ አልጠፋም፤ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ መታየቱ ቀርቶ በተጻፈበት ሰዓት ታየ። ምክንያቱና ምልክቱም አንድ መስመር ላይ ተገናኙ።

ጃቫና ዶት ኔት እዚህ ላይ የተለያየ መንገድ መርጠዋል። ጃቫ ኢሬዠር የሚባለውን መንገድ ያዘ፦ ኮምፓይለሩ ዓይነቱን ከመረመረ በኋላ ይደመስሰዋል። ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ የስትሪንግ ሊስትና የኢንቲጀር ሊስት አንድ ክላስ ናቸው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ከ2004 በፊት የተጻፈው እጅግ ብዙ ኮድና አዲሱ ኮድ አንዱን ስብስብ ተቀባብለው መሥራት ችለዋል። ዋጋው ደግሞ ኢንት የተባለው ተራ ቁጥር በቲ ቦታ ሊገባ አለመቻሉ ነው፤ ታሽጎ ብቻ ይገባል።

በዶት ኔት በኩል ዶን ሳይምና አንድሩ ኬኔዲ የተባሉ በካምብሪጅ የማይክሮሶፍት ሪሰርች ተመራማሪዎች በ2001 ባቀረቡት ጥናት ሌላ ንድፍ አሳዩ። ዓይነቱ እስከ ማስፈጸሚያው ሥርዓት ድረስ ይዘልቃል። በቲ ቦታ እንደ ኢንቲጀር ያለ የዋጋ ዓይነት ሲገባ ለእርሱ የተለየ የማሽን ኮድ ይዘጋጃል፤ የሪፈረንስ ዓይነቶች ሲገቡ ግን አንዱን ኮድ ይጋራሉ። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ኢንቲጀሮች ሳይታሸጉ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዋጋው የማስፈጸሚያውን ሥርዓት ራሱን መቀየር፣ ከአሮጌዎቹ ስብስቦች ጎንም አዲስ ስብስቦችን ማቆም ነበር። ሁለቱም ምርጫዎች ምክንያት አላቸው፤ አንዱን «ትክክል» ሌላውን «ስሕተት» ብሎ መፈረጅ የመረጡትን ሰዎች ሁኔታ መዘንጋት ይሆናል።

ስለ ውልና ስለ ውርስ

ቲ ማንኛውም ዓይነት ሊሆን ከቻለ በቲ ምን ልንሠራ እንችላለን? ሁሉም ዓይነቶች የሚጋሩትን ብቻ ነው፤ ያም ጥቂት ነው። ከስብስብ ውስጥ ትልቁን የሚያወጣ ሜተድ ለመጻፍ ብንፈልግ ሁለት ቲዎችን ማነጻጸር አለብን። ሁሉም ነገር ግን አይነጻጸርም። ስለዚህ «ቲ አይ ኮምፓረብል የተባለውን ኢንተርፌስ የሚያሟላ ይሁን» የሚል ገደብ እንጽፋለን። ገደቡ በሁለት ወገን የሚፈረም ውል ነው። ሜተዱን የሚጠራው ወገን የሚነጻጸር ነገር ለማቅረብ ይገደዳል፤ ሜተዱን የጻፈው ወገን ደግሞ ከማነጻጸር ያለፈ ነገር ከቲ አይጠይቅም። ገደብ ባነሰ ቁጥር ሜተዱ ለብዙዎች ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር በውስጡ ብዙ መሥራት ይቻላል። የጀነሪክ ኮድ ጸሐፊ ዋና ጥበብ በእነዚህ መካከል መመዘን ነው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ሌላ ጥያቄ አለ። ተማሪ የተባለው ክላስ ሰው ከተባለው ክላስ ከወረሰ፣ የተማሪዎች ሊስት የሰዎች ሊስት ነውን? ልቡና «አዎን» ይላል። መልሱ ግን «አይደለም» ነው። ሊስት የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን የሚቀበልም ነው። የተማሪዎችን ሊስት እንደ ሰዎች ሊስት ለሌላ ሜተድ ብንሰጠው፣ ያ ሜተድ በሙሉ መብት መምህር ሊያስገባበት ይችላል፤ መምህርም ሰው ነውና። ያን ጊዜ የተማሪዎች ሊስት ውስጥ መምህር ተገኘ ማለት ነው። ተማሪ ሁሉ ሰው ነው፤ የተማሪዎች መዝገብ ግን የሰዎች መዝገብ አይደለም።

የሚሰጥ እንጂ የማይቀበል ስብስብ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። አይ ኢኒዩመረብል የተባለው ኢንተርፌስ አባላቱን አንድ በአንድ ያስቆጥራል እንጂ አዲስ አባል አያስገባም። ስለዚህ ከ2010ሩ የሲ ሻርፕ አራተኛ ዕትም ጀምሮ፣ የተማሪዎች አይ ኢኒዩመረብል የሰዎች አይ ኢኒዩመረብል ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ይህ ኮቫሪያንስ ይባላል። በጃቫም በሲ ሻርፕም አሬይ የተባለው ጥንታዊ ስብስብ ይህን ፈቃድ ያለ አግባብ አግኝቷል፤ የተማሪዎችን አሬይ እንደ ሰዎች አሬይ መያዝ ይፈቀዳል፤ መምህር ለማስገባት ሲሞከር ግን ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ስሕተት ይወረወራል። ጀነሪክ ያዳነን ከዚህ ነው።

ተቀጥላ ሜተድ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ሲ ሻርፕን የነደፈው በአንደርስ ሃይልስበርግ የሚመራው ቡድን በ2007 በወጣው ሦስተኛ ዕትም ሊንክ የተባለውን የመጠይቅ ሥርዓት ሲያመጣ አንድ እንቅፋት ገጠመው። ማጣራት፣ መደርደር፣ መመደብ የመሳሰሉት ችሎታዎች ለማንኛውም ስብስብ እንዲሆኑ ይፈለጋል። የት ይጻፉ? አይ ኢኒዩመረብል ላይ ቢጨመሩ፣ በዚያን ጊዜ ኢንተርፌስ አካል ያለው ሜተድ መያዝ ስለማይችል፣ ኢንተርፌሱን የሚያሟላው የዓለም ኮድ ሁሉ ይሰበር ነበር። በእያንዳንዱ ክላስ ላይ ቢጻፉ ድግግሞሹ አያልቅም፤ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ክላሶችም አይዳረሱም።

የቀረው መንገድ ከውጭ የሚቆም ስታቲክ ሜተድ መጻፍ ነው። ይህ ይሠራል፤ ለንባብ ግን ያስቸግራል። «አውጣ፣ ቅንፍ፣ ደርድር፣ ቅንፍ፣ አጣራ፣ ቅንፍ፣ ተማሪዎች» እያለ መጀመሪያ የሚሠራውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ኤክስቴንሽን ሜተድ ይህን የሚያስተካክል ስምምነት ነው፦ በስታቲክ ክላስ ውስጥ ያለ ስታቲክ ሜተድ የመጀመሪያ ፓራሜትሩ ፊት «ዚስ» የሚለው ቃል ከተጻፈ፣ ያ ሜተድ የዚያ ዓይነት አባል የሆነ ያህል ከነጥብ በኋላ ሊጠራ ይችላል። ኮዱም «ተማሪዎች፣ ነጥብ፣ አጣራ፣ ነጥብ፣ ደርድር፣ ነጥብ፣ አውጣ» ይሆናል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ቅደም ተከተል እንግዳ አይደለም። እኛ «ከተማሪዎቹ ያለፉትን አጣርቶ፣ በስም ደርድሮ፣ ስማቸውን አወጣ» እንላለን። ነገሩ መጀመሪያ ይመጣል፤ ሥራዎቹ በተሠሩበት ተራ ይከተላሉ፤ እያንዳንዱ ሥራም የፊተኛው ባቆመበት ይጀምራል።

ጀነሪክና ተቀጥላ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው። «አጣራ» የሚለው ሜተድ የተጻፈው ለአንድ ስብስብ አይደለም፤ ለማንኛውም «አይ ኢኒዩመረብል ኦፍ ቲ» ነው። ቲ ምን እንደሆነ ኮምፓይለሩ ከተሰጠው ስብስብ ራሱ ይደርስበታል። ስለዚህ አንዴ የተጻፈው ሜተድ ለአሬይ፣ ለሊስት፣ ለዲክሽነሪ፣ ነገ ለሚጻፈው ስብስብም ይሆናል፤ የዓይነት ጥበቃውም አይላላም።

ነገር ግን ተቀጥላ ሜተድ አባል ይመስላል እንጂ አባል አይደለም። ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ የክላሱን የግል አባላት አያይም። ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥበቃ ነው፤ ክላሱ የደበቀው ተደብቆ ይኖራል።

ሁለተኛ፣ የሚመረጠው ኮምፓይለሩ ኮዱን በሚያነብበት ጊዜ፣ ተለዋዋጩ በታወጀበት ዓይነት ነው። ውርስ የሚፈቅደው የመተካት ሥርዓት አይሠራበትም። ተጠሪው ነል ቢሆንም እንኳ ሜተዱ ይገባል፤ መመርመር የጸሐፊው ፋንታ ነው።

ሦስተኛ፣ የክላሱ የራሱ ሜተድ ካለ ሁልጊዜ እርሱ ይቀድማል። ምሳሌው «ሪቨርስ» ነው። ሊስት የራሱ ሪቨርስ አለው፤ ራሱን በቦታው ገልብጦ ምንም አይመልስም። በሊንክ ያለው ተቀጥላ ሪቨርስ ግን ምንጩን ሳይነካ የተገለበጠ ቅደም ተከተል ይመልሳል። ተለዋዋጩን ሊስት ብላችሁ ካወጃችሁት የመጀመሪያው፣ አይ ኢኒዩመረብል ብላችሁ ካወጃችሁት ሁለተኛው ይጠራል። ቃሉ አንድ፣ ነጥቡ አንድ፣ ውጤቱ ግን ሁለት ነው።

በስም መጋጨትም አለ። «ማክስ ባይ» የተባለው፣ በተሰጠ መለኪያ ትልቁን አባል የሚያወጣ ሜተድ፣ በዶት ኔት ውስጥ የገባው በ2021 በስድስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት በዚሁ ስም የራሳቸውን ተቀጥላ የጻፉ ፕሮግራመሮች ዕትሙን ሲቀይሩ፣ ሁለቱ ሜተዶች እኩል በሚታዩበት ፋይል ውስጥ ኮምፓይለሩ «የትኛውን ነው?» ብሎ ይቆማል። ተቀጥላ ስትጽፉ የራሳችሁ ኔምስፔስ ውስጥ አኑሩት፤ በሚያስፈልግበት ፋይል ብቻም ጥሩት።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የሊንክ «አጣራ» ሲጠራ ወዲያው አያጣራም፤ ማጣራቱን ቀጠሮ ይይዛል። ሥራው የሚጀመረው አንድ ሰው አባላቱን መቁጠር ሲጀምር ነው። ሁለት ጊዜ ከተቆጠረ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ በመካከሉ ምንጩ ከተለወጠ መልሱም ይለወጣል። የጸና ቅጂ ከፈለጋችሁ «ቱ ሊስት» በሚለው ሜተድ ያዙት።

ፀሐይና ጸሃይ

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ። ሁለት ዝርዝሮች አሉ እንበል፤ አንዱ የመመዝገቢያ፣ ሌላው የፈተና ውጤት። የጻፏቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስም ብቻ ነው። አንዱ «ዓለሙ» ብሎ ጻፈ፣ ሌላው «አለሙ»። አንዱ «ፀሐይ» አለ፣ ሌላው «ጸሃይ»። ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ስትሪንግ የቁጥሮች ሰልፍ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ሲገባ፣ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 የሚል ቁጥር አግኝተዋል። ሠ 4640 ነው፣ ሰ 4656፤ አ 4768፣ ዐ 4816፤ ጸ 4920፣ ፀ 4928።

ሁለቱን ዝርዝሮች «ጆይን» በተባለው የሊንክ ሜተድ ብናገናኛቸው፣ አቻ ያላገኘው ስም ከመልሱ ውስጥ ያለ አንዳች ድምፅ ይወጣል። የስሕተት መልእክት የለም፤ የወደቀ ፕሮግራምም የለም። ውጤቷ ያልተገኘላት ተማሪ ብቻ ናት ያለችው። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የዓይነት ጥበቃው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ስትሪንግ ከስትሪንግ ጋር ተነጻጽሯል። ኮምፓይለር የሚጠብቀው ዓይነትን እንጂ ትርጉምን አይደለም።

መደርደርም እንዲሁ ነው። በኮድ ቁጥር ብቻ ስንደረድር ረ በሠና በሰ መካከል ይገባል፤ ቁጥሩ 4648 ነውና። «ሣህሉ» እና «ሳህሉ» በረ በሚጀምሩት ስሞች ሁሉ ተለያይተው ይቀመጣሉ።

መፍትሔው በሦስት እርምጃ ይጻፋል። በመጀመሪያ፣ ለስትሪንግ አንድ ተቀጥላ ሜተድ እንጽፋለን፤ «የማነጻጸሪያ ቁልፍ» እንበለው። ስትሪንግ የኛ ክላስ ስላልሆነ ከተቀጥላ ሌላ መንገድ የለንም። የፊደላት ቤቶች በየስምንት ቁጥር ስለተደረደሩ ሥራው ተራ ሒሳብ ነው። ከየቤቱ ሰባት ፊደላት፣ ከሐ ቤት 16 እንቀንሳለን፣ ከኀ ቤት 128፤ ሁለቱም ሀ ቤት ይገባሉ። በሠ ቤት ላይ 16 ስንጨምር ሰ ቤት እንደርሳለን። ከዐ ቤት 48 ስንቀንስ አ፣ ከፀ ቤት 8 ስንቀንስ ጸ እናገኛለን። በመጨረሻም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ እንመልሳለን፤ በአማርኛ ንባብ ድምፃቸው አንድ ነውና። «ፀሐይ»ም «ጸሃይ»ም «ጸሀይ» ይሆናሉ፤ «ዓለሙ» «አለሙ» ይሆናል።

ቀጥሎ፣ «አይ ኢኳሊቲ ኮምፓረር ኦፍ ስትሪንግ» የተባለውን ጀነሪክ ኢንተርፌስ የሚያሟላ ትንሽ ክላስ እንጽፋለን። ሁለት ሜተዶች አሉት፦ እኩልነትን የሚመልስና ሃሽ ኮድ የሚመልስ። ሁለቱም ከቁልፉ እንጂ ከመነሻው ጽሑፍ መሥራት የለባቸውም። እኩልነቱን በቁልፉ፣ ሃሽ ኮዱን ግን በመነሻው ጽሑፍ የሠራ ሰው፣ በዲክሽነሪ ውስጥ ስሙን ፈልጎ ያጣዋል፤ ዲክሽነሪ አስቀድሞ የሚያየው ሃሽ ኮዱን ነውና። «እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሃሽ ኮዳቸው እኩል ይሁን» የሚለው ሕግ በኮምፓይለር አይጠበቅም፤ በጸሐፊው ሕሊና ነው የሚጠበቀው።

በመጨረሻ፣ ይህን ኮምፓረር ለጆይን፣ ለዲስቲንክት፣ ለግሩፕ ባይ፣ ወይም ለዲክሽነሪ አቀባይ እንሰጣለን። ሁሉም የሚቀበሉበት ቦታ አላቸው፤ ጀነሪክ ሆነው ሲነደፉ «እኩል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ንገሩን» ብለው ክፍት ትተውታልና። ለመደርደር ደግሞ ስሙን በቁልፉ እንደረድራለን። ከዶት ኔት ኮድ አንድ መስመር አልነካንም፤ የጻፍነው ከሃምሳ መስመር አይበልጥም፤ የአማርኛን የንባብ ሥርዓት ግን በሩቅ ሰዎች በተጻፉ ስብስቦች ሁሉ ላይ አኖርን።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ቁልፉ ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ የተጻፈውን ስም አይተካ። ፊደላቱ በግእዝ የትርጉም ልዩነት አላቸው፤ «ሠረቀ» ወጣ፣ ፀሐይ እንደምትወጣ፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። የሰውን ስም አጻጻፍ መለወጥም የባለስሙ መብት ነው። ሁለተኛው ጥንቃቄ ይበልጣል፦ ቁልፋቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ኮምፓረሩ የሚያቀርብልን እጩዎችን ነው፤ ማንነትን የሚያጸናው የመታወቂያ ቁጥር ነው። ቁጥር በሌለበት የሰው ዓይን ይመርምር።

መቼ እንጠቀም?

ከዚህ ሁሉ ለሥራችሁ የሚጠቅም መመሪያ ላውጣ። ክላሱ የራሳችሁ ከሆነ ሜተዱን በውስጡ ጻፉ። ተቀጥላ የሚገባው የእናንተ ላልሆነ ዓይነት፣ ወይም አንድን ኢንተርፌስ ለሚያሟሉ ሁሉ ለሚሆን ችሎታ ነው። ኦብጀክት በተባለው ዓይነት ላይ ተቀጥላ አትጻፉ፤ ከሁሉም ነገር ነጥብ በኋላ ብቅ እያለ ያውካል። ሜተዳችሁ አባላትን ከመቁጠር ሌላ ካልፈለገ ሊስት አትጠይቁ፤ አይ ኢኒዩመረብል ይበቃል። በቲ ላይም ለሥራው የሚያስፈልገውን ገደብ ብቻ ጻፉ።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህንኑ ጥያቄ በየራሳቸው መልሰዋል። ጃቫ በ2014 በስምንተኛው ዕትም ኢንተርፌስ አካል ያለው ሜተድ እንዲይዝ ፈቀደ፤ መጨመር የሚችለው ግን የኢንተርፌሱ ባለቤት ብቻ ነው። ሲ ሻርፕም በ2019 ይህን ጨምሮ ተቀብሏል። ኮትሊን ደግሞ ከሲ ሻርፕ ጋር የሚቀራረብ የተቀጥላ ሥርዓት አለው። ልዩነቱን ለማየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ አዲሱን ችሎታ የመጨመር ሥልጣን ያለው የዓይነቱ ባለቤት ነው ወይስ ተጠቃሚው?

ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ትቼ ላብቃ። የገለጽኩትን ኮምፓረር ጻፉ፤ ከዚያ የራሳችሁን ክፍል የስም ዝርዝር ሁለት ሰዎች በየፊናቸው በአማርኛ እንዲጽፉ አድርጉ፤ ዝርዝሮቹን አንድ ጊዜ ያለ ኮምፓረር፣ አንድ ጊዜ በኮምፓረር አገናኙ። በመጀመሪያው ስንት ስም እንደጠፋ ቁጠሩ። እንደ ኰ እና ኮ፣ ጐ እና ጎ ያሉትን ስሞች ደግሞ ሆነ ብዬ አልነካኋቸውም፤ በቁልፉ ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለውን በምክንያት ተከራክራችሁበት በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ኑ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።